ማውጫው በራሱ ሲወጣ

አማካሪዬ የመመረቂያ ማሟያ ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸው ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አይበልጥም። እኔ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እኔን አንቱ ይሉኛል። ስንነጋገር የሰማን ሰው ሁለት ሽማግሌዎች የተገናኙ ይመስለዋል።

«መምህርት፣ ሥራው ግሩም ነው» አሉኝ። «የሰበሰቧቸው ዱዓዎች ሌላ ቦታ ተጽፈው አላየሁም። ግን ቅርጹ...»

«ቅርጹ ምን ሆነ?»

ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት። ማውጫው ምዕራፍ ሦስት የሚጀምርበትን ገጽ ይናገራል። ወደተባለው ገጽ ስንሄድ ግን ምዕራፍ ሁለት ገና መሃሉ ላይ ነው። አንዱ ርዕስ ደምቋል፣ ሌላው ተሰምሮበታል፣ አንዱ ደግሞ ከታች ካለው ጽሑፍ ጋር ተመሳስሎ ርዕስ መሆኑም አይታወቅም። የገጽ ቁጥሩ ከሽፋኑ ላይ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው አረብኛው ነበር። ቅንፉ ወዲያ፣ ነጥቡ ወዲህ ሆኖ ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

«ይህን ይዘው ፈታኞቹ ፊት ቢቀርቡ» አሉ አማካሪዬ፣ «ስለ ዱዓው መጠየቃቸውን ትተው ስለ ገጽ ቁጥር ሲጠይቁዎት ይውላሉ። ጊዜ አለን። አስተካክለው ያምጡልኝ። ፊደሉም እባክዎ በአዲሱ ይሁን፤ በአሮጌው የተጻፈው እኔ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም።»

አሮጌና አዲስ ፊደል የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ሀ ሁ ያው ሀ ሁ ይመስለኝ ነበር። እኔ ቢስቲማ ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ፊደል አስቆጥሬያለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን ይዤ ደሴ እወጣለሁ፤ ጉሙ ውስጥ ጃንጥላ ይዤ እማራለሁ። ለመመረቂያዬ የመረጥኩት የወረዳችን የወረባቦ ሴቶች ነፍሰ ጡር ቤት፣ አራስ ቤት፣ ሐዘን ቤት ተሰብስበው የሚያደርጉትን ዱዓና ምርቃት ነው። ሁሉንም ከእናቶች አፍ በስልኬ ቀድቼ በእጄ ጻፍኩት።

ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችልኝ ደሴ ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። እጇ ሲሮጥ አንዱን ጣት ከሌላው መለየት አይቻልም። ፍርድ ቤት የሚሄድ ማመልከቻ የያዘውም፣ የሱቅ ማስታወቂያ የሚያሠራውም በሯ ላይ ይጋፋል። እሷ ታዲያ ማውጫ የምትሠራው በእጇ ነበር። ርዕሱን ትጽፍና ነጥቦቹን ጠቅ ጠቅ እያደረገች እስከ መስመሩ ጫፍ ትደረድራለች፤ ከዚያ ቁጥሩን ትጨምራለች። እኔ አንድ አንቀጽ ባስገባሁ ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይፋለሳል።

«እትዬ፣ ሌላ የሚጨመር የለም አይደል?» ትለኛለች።

«የለም።»

በማግስቱ ይኖራል።

የዚያን ቀን አማካሪዬ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅሁ። እንደገና ሰኞ ገበያ ልሂድ ወይስ ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ ቆይቼ ኮምቦልቻ ያለችው ልጄ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ኸይር ነው?»

«ኸይር ነው። ያ ኮምፒውተርሽ አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል፤ ምነው?»

«እየመጣሁ ነው።»

ልጄ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ናት። ኮሌጅ ሳለች አባቷ በሬ ሸጦ የገዛላት ላፕቶፕ አላት። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢዬን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ ፀሐዩ የሌላ አገር ይመስል ነበር። ልጄ የተከራየችው ክፍል ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት አንዷ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የሥራ ልብሷ። ላፕቶፑን ከፍታ ፍላሼን ሰካች።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ምነው?» አልኳት።

ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። የእናቶቼ ዱዓ የለም። ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ ኮከብ፣ ቅንፍ ተተረማምሶበታል። አንድ ቃል እንኳ የሚነበብ የለም።

«ያረቢ! ጠፋ?»

«አልጠፋም እማ፣ አብሽሪ» አለች። «የኮፒ ቤቷ ልጅ የጻፈችበት የድሮው ፊደል ነው። የሚነበበው ያ ፊደል የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። እኔ ልጭነው እችላለሁ፤ ግን አማካሪሽ ጋ ሲደርስ መልሶ እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ?»

«በአዲሱ እንደገና መጻፍ ነው የሚሻለው። እኔ ከፈረቃ ስመለስ ትንሽ ትንሽ እጽፍልሻለሁ።»

ዓይኗን አየኋት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ጨርቅ ስትመረምር ውላ የምትመጣ ልጅ ናት። ስለ ደከማት ዓይኗ ዙሪያው ጠቁሯል።

«አንቺ ተኚ» አልኳት። «እኔው እጽፈዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ፊደል የማስተምረው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ከአፌ ወጥቷል፤ አልመለስም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ። የእንግሊዝኛዋን ኤስ ስጫን ስ ትወጣለች። ኢ ስጨምርባት ስ የነበረችው ሰ ትሆናለች። ዩ ከሆነ ሱ፣ ኤ ከሆነ ሳ። ይህን ያየሁበት ቅጽበት መቼም አይረሳኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ይህች እጅ ስታወጣ ሱ ትሆናለች» እያልኩ ያስተማርኩት ነገር ዓይኔ ሥር በራሱ እጅ ያወጣል! ልጄ ሄደች፤ እኔ ግን የማሟያ ጽሑፉን ረስቼ ከሀ እስከ ፐ ሁሉንም ዘር ጻፍኩ። የጸሎቱን ጸ ስፈልግ የፀሐዩ ፀ እየመጣብኝ፣ የዐይኑን ዐ ስፈልግ የአልፋው አ እየመጣብኝ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። እንደ ተማሪዎቼ ምላሴን አውጥቼ እንደምጽፍ ያወቅሁት ልጄ ስትመለስ አይታኝ ስትስቅብኝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘገምተኛ ነበርኩ። አንዲት ምርቃት ጽፌ ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ እጽፋለሁ፤ ባትሪውም ሲያልቅ በእጅ የጻፍኩትን አውጥቼ የማርመውን አርማለሁ። እየቆየ ጣቴ ቦታውን አወቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀና ስል ሳላቋርጥ ገጽ ሞልቼ አገኘሁት። ወላሂ፣ ተነሥቼ ክፍሏ ውስጥ ዞርኩ። የምነግረው ሰው ስላጣሁ ባለቤቴ ጋ ቢስቲማ ደወልኩ።

«ወረቀቱ አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም። ግን እየጻፍኩ ነው፤ በራሴ!»

«ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ቀጠል አድርጎ፣ «ማሽላው ኩትኳቶ ደርሷል» አለኝ።

«ኢንሻአላህ ስጨርስ እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ማሽላውንም እሱንም ብናፍቅም ያን ጊዜ ከዚያ ጠረጴዛ የሚነቀንቀኝ ነገር አልነበረም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ርዕሶቹን ማሳመር ጀመርኩ። የተማርኩት ከሰኞ ገበያዋ ልጅ ስለሆነ እያንዳንዱን ርዕስ መርጬ ማድመቅ፣ ማሳደግ፣ መሃል ማድረግ ነበር። ልጄ የዕረፍት ቀኗ ነበርና አልጋው ላይ ተኝታ ታየኛለች።

«እማ፣ እንደዚያ አይደለም» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አሁን ይህን ቃል ስታደምቂው ለኮምፒውተሩ የነገርሽው ደማቅ መሆኑን ብቻ ነው። ርዕስ መሆኑን አያውቅም። ለሱ ሁሉም ቃል ነው። ይህ ርዕስ ነው ብለሽ ንገሪው።» ከላይ ያሉትን ትንንሽ ሳጥኖች አሳየችኝ። ሄዲንግ አንድ፣ ሄዲንግ ሁለት፣ ሄዲንግ ሦስት ይላሉ። «የምዕራፍ ስም ከሆነ አንድ፤ በሥሩ ያለው ሁለት፤ ከዚያ በታች ሦስት።»

ምዕራፍ አንድን መርጬ ሄዲንግ አንድን ነካሁ። ርዕሱ ሰማያዊ ሆነ።

«ውይ! ይሄ የሰርግ ጥሪ ነው እንዴ? አማካሪዬ ጥቁር ነው ያሉት!»

«ቆይ። አሁን ሁሉንም እንዲህ አድርጊ፤ ከለሩን በኋላ እናስተካክለዋለን።»

ቅር እያለኝ ምዕራፎቹንም ንዑስ ርዕሶቹንም በየደረጃቸው ሰማያዊ አደረግኋቸው። ከዚያ እሷ አንዷን ሳጥን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫነችና ማስተካከያውን ከፈተች፤ ጥቁር፣ ደማቅ፣ መሃል ብላ መረጠችና እሺ አለችው። በአንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የምዕራፍ ርዕሶቹ በሙሉ ጠቆሩ። ወደ ታች እየወረድኩ አየሁ። ሁሉም! የረሳሁት፣ የዘለልኩት፣ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ የለም። የጠዋት ሰልፍ ላይ ተማሪዎቼ «ተጠንቀቅ» ሲባሉ እንኳ እንዲህ እኩል ቆመው አያውቁም።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ታውቂ ኖሮ እስከ ዛሬ ዝም ትያለሽ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለችና ሳቀች። «ገና ምን አይተሽ። ማውጫው የሚገባበት ገጽ ላይ ሂጂ።»

ሄድኩ። በእጄ ልደረድር ያሰብኩት ነጥብ ገና አልተጀመረም፤ ባዶ ገጽ ነው። ከላይ ሪፈረንስ የሚለውን አስከፈተችኝ። ሥሩ ካሉት የመጀመሪያዋ የማውጫ ሥዕል ናት።

«ንኪያት።»

ነካኋት።

ማውጫው ወጣ። ያለ ምንም ልፋት! ምዕራፍ አንድ፣ በሥሩ ገባ ብለው ንዑስ ርዕሶቹ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ምዕራፍ ሦስት፣ ማጠቃለያ፣ ዋቢ ጽሑፎች። ነጥቦቹ ተደርድረው፣ ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው። እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር።

«አሁን ምዕራፍ ሦስት የሚለው ላይ ኮንትሮል ይዘሽ ጠቅ አድርጊ» አለችኝ።

ጠቅ አደረግሁ። ራሴን ምዕራፍ ሦስት ላይ አገኘሁት። የገጽ ቁጥሩን አየሁ። ማውጫው ያለው ቁጥር ነው!

«አላሁ አክበር!» ብዬ ጮህኩ።

እንዴት እንደጮህኩ እኔ አላውቅም። የቤት አከራይዋ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከጓዳ ወጡ፤ ከጎን ያሉት ተከራዮችም በር ከፈቱ።

«ኸይር ነው? ማን ወለደ?» አሉ አከራይዋ።

«ማውጫ ነው፣ ማዘር» አለቻቸው ልጄ፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና እየሳቀች።

«ምንድን ነው የምትይኝ?»

እኔ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ሰኞ ገበያዋ ልጅ፣ ስለ ገጽ ቁጥሩ። ከዚያ አንድ አንቀጽ ጨመርኩና ቁጥሮቹን ራሱ እንዲያርም አዘዝኩት። ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ አሳየኋቸው። አከራይዋ ማንበብ አይችሉም፤ ግን በጥሞና አዩ።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እሳት የተነሣ መስሎኝ ነው። ደግ ነገር ከሆነ ጩሂ።»

እርግጥ ያ የመጀመሪያው ማውጫ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ቀስ ብዬ ሳነበው ምዕራፍ ሁለት ሥር አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ከነ አራት ነጥቡ፣ እንደ ርዕስ ተዘርግቶ ተኝቷል። የትኛዋን ሳጥን መቼ እንደነካሁ አላውቅም። «ለኮምፒውተሩ ርዕስ ነው ብለሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ልጄ። «እሱ ደግሞ አመነሽ።» ርዕስ አለመሆኑን ነገርኩት፤ ማውጫውን አሳደስኩት፤ አንቀጹ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የገጽ ቁጥሩ ግን ሁለታችንንም አስቸገረን። ከሽፋኑ ላይ ቁጥር መጥፋት አለበት፤ ምስጋናውና ማውጫው በሮማ ቁጥር ይሁን ተብሏል፤ ምዕራፍ አንድ ደግሞ ከገጽ አንድ ይጀምራል። ልጄ የኮሌጅ ወረቀቷን ያሠራችው በሌላ ሰው ስለነበር ይህን አታውቀውም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ስናጠፋ የሁሉም ይጠፋል። የሮማ ስናደርግ መጽሐፉ ሁሉ ሮማ ይሆናል።

እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ስልኬ ላይ ማስተማሪያ ቪዲዮ ፈለግሁ። አንድ ወጣት በአማርኛ ቀስ ብሎ ያስረዳል። እያስቆምኩ፣ ወደኋላ እየመለስኩ አየሁት። ለካስ ሰነዱን መክፈል ያስፈልጋል። ሽፋኑ አንድ ክፍል፣ መግቢያ ገጾቹ አንድ ክፍል፣ ዋናው ጽሑፍ አንድ ክፍል። ከፋፈልኩት፤ አሁንም አንዱን ስነካ ሌላው ይከተላል። ቪዲዮውን እንደገና አየሁት። የቁጥሩ ቦታ ላይ «ከፊተኛው ጋር ተያይዟል» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ማጥፋት ረስቻለሁ። አጠፋኋት። ሽፋኑ ንጹሕ ሆነ። ምስጋናው ሥር የሮማ ቁጥር ቆመ። ምዕራፍ አንድ ሥር አንድ ቁጥር ብቻዋን ተቀመጠች።

ይህን ያለ ማንም ያገኘሁት እኔ ነኝ! ልጄ የግቢውን በር ስትከፍት አላስቀመጥኳትም፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጎትቼ አስገባኋት።

«ተመልከቺ!»

አየች። ወደ ላይ ወደ ታች ወሰደችው። «እንዴት አደረግሽው?»

«ተቀመጪ፣ ላስተምርሽ» አልኳት። ከዚያ ቀን በላይ ኮርቼ የማውቅ አይመስለኝም።

የቀረው አረብኛው ነበር። እናቶቹ ዱዓ ሲያደርጉ አማርኛውና አረብኛው ይፈራረቃል። አማካሪዬ አረብኛው በራሱ ፊደል ይጻፍ ብለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ቁርአን ስለቀራሁ ማንበቡም መጻፉም አያስቸግረኝም፤ ችግሩ አማርኛው መስመር ውስጥ ሲገባ ነው። አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ አረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙ ቅንፉና ነጥቡ ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ልጄ የአረብኛውን መጻፊያ ጫነችልኝ። ከዚያ ሁለታችን ተጋግዘን ሠራነው፤ እሷ ትሞክራለች፣ እኔ አነባለሁ።

«አሁንስ?»

«አልሆነም። መጀመሪያ የሚባለው ቃል መጨረሻ ሄዷል።»

«አሁንስ?»

«ቅንፉ ተገለበጠ።»

በመጨረሻ አረብኛውን ከአማርኛው ለይተን በራሱ መስመር ላይ አደረግነው፤ አንቀጹ ከቀኝ እንዲጀምር የምታደርግ ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጫነች። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነው። ለልጄ እንዴት እንደሚነበብ በጣቴ እየተከተልኩ አሳየኋት። እሷ ሕፃን ሳለች መድረሳ አስገብተናት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያስታወሰች ተከተለችኝ። «ይህቺ ሚም ናት?» አለች። «ሚም ናት» አልኳት። እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን።

ደሴ ስመለስ ጉሙ የቶሳን ተራራ ሸፍኖት ነበር። አማካሪዬ ፍላሼን ሰክተው ሰነዱን ከፈቱት። የመጀመሪያው ደስታዬ መነበቡ ነው፤ የእናቶቼ ቃል እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ልክ እንደ ጻፍኩት ተነበበ። ወደ ማውጫው ሄዱ። አንዱን ርዕስ ነኩት፤ ወደ ቦታው ወሰዳቸው። ፈገግ አሉ።

«ማን ሠራልዎ?»

«እኔ!» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም፤ ጎን ያሉት መምህር ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ አስተማረችኝ፤ እኔ ጻፍኩት።»

«ደስ ይላል፤ በጣም ደስ ይላል» አሉ። ከዚያ ስለ ይዘቱ ማውራት ጀመርን። የአራስ ቤቱን ምርቃት ከሐዘን ቤቱ ዱዓ በፊት ባደርገው አሳቡ ይበልጥ ይያያዛል አሉኝ። ድሮ ቢሆን ልቤ ይወድቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን «መርሐባ፣ እሺ» ብዬ ሄድኩና ከልጄ በተዋስኩት ላፕቶፕ ላይ እሷ ያሳየችኝን የርዕሶች የጎን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ርዕሱን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኩት፤ ሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ተከትሎት መጣ። ማውጫውን አሳደስኩት። ሻዬን ሳልጨርስ አለቀ።

የማቀርብበት ቀን ልጄ ፈረቃዋን ቀይራ መጣች። ባለቤቴም በሐይቅ ከተማ በኩል ተሳፍሮ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዱዓዎቹን እንዴት እንደሰበሰብኩ ጠየቁኝ። ሌላኛዋ ሴቶቹ ራሳቸው ምርቃትንና ዱዓን እንዴት እንደሚለዩ ጠየቁኝ። ያን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ክረምት ሙሉ ስጓጓ ነበር፤ ጊዜው አልቋል እስኪሉኝ ተናገርኩ። እናቶቹ አንዷ ስትመርቅ ሌሎቹ «አሚን» የሚሉበትን ዜማ አሰማኋቸው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አብረው «አሚን» አሉ፤ ባለቤቴ ከሁሉ ጮክ ብሎ።

ስለ ገጽ ቁጥር ማንም አልጠየቀም። ስለ ርዕስም፣ ስለ ማውጫም አንድ ቃል የተነፈሰ የለም።

ውጤቱን እስኪነግሩን ውጭ ስንጠብቅ ወደ ልጄ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «ማውጫውን እኮ ማንም አላየውም!» አልኳት።

«ስለተስተካከለ ነው እማ» አለች። «ቢበላሽ ኖሮ ይታይ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ግን ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በሩ ተከፍቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን ሲነግሩን ቅርታዬ ጠፋ። ባለቤቴ «አልሐምዱሊላህ» አለና ሳይታሰብ ሰው ፊት ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ልጄ ስልኳን ወደ ራሳችን አዙራ ፎቶ ስታነሣን እየሳቀች ነበርና ሦስታችንም ፎቶው ላይ ደብዝዘን ነው ያለነው።

ቢስቲማ ስመለስ ማሽላው ከቁመቴ በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተሩ ያለበትን የመምህራን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። ዓመታዊ ዕቅዱን እኔ አሳመርኩት፤ የፈተና ወረቀቱንም እንደዚያው። ባልደረቦቼ አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ደሴ ሲማር ያልጨረሰው የመመረቂያ ወረቀት አለው፣ ሌላዋ የልጇን ይዛ መጣች። ርዕስ ምን እንደሆነ ለኮምፒውተሩ መንገር እንዳለባቸው ሳስረዳ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊት የቆምኩ ይመስል ድምፄ ይለወጣል መሰለኝ፤ «መምህርት፣ ሰሌዳ ላይ አይደለንም እኮ» እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ቅዳሜ መምህራን ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ አዲስ ሰነድ ከፈትኩ። ለተማሪዎቼ የሚነበብ ተረት የለም ብዬ ሁልጊዜ አማርር ነበር። ያሉን መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፤ አገራቸውንም አይመስሉም። በልጅነቴ የሰማኋቸውን፣ ራሴም የፈጠርኳቸውን ተረቶች ስም አንድ በአንድ ጻፍኩ። የጉድጓዱ ጦጣ። ሐይቅ ያየች ፍየል። እንቅልፍ የሸጠው ሰውዬ። እያንዳንዱን ሄዲንግ አንድ አደረግሁት። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ ማውጫውን ነካሁ።

ወጣ። ሁሉም ተረት ገጽ አንድ ላይ ነው ይላል። ገና አንድም አልተጻፈማ!

ብቻዬን ሳቅሁ። የመጀመሪያው ርዕስ ሥር ሄድኩና «ከዕለታት አንድ ቀን» ብዬ ጀመርኩ። ወደ ቤት የምሄድበት ሰዓት ሲደርስ ማውጫውን አሳደስኩት። ሐይቅ ያየችው ፍየል ወደ ገጽ ሦስት ሄዳለች።